ስድስት ባዶ ሳጥን

አክስቴን ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ሜትር» ይላታል። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትሯ ከአንገቷ አይወርድም። አንድ ጊዜ ታማ ሐኪም ቤት ስወስዳት፣ ሐኪሙ ደረቷን ሊያዳምጥ ሲል «ይቺን አውልቂያት» እስኪላት ድረስ አንገቷ ላይ መኖሩን አላወቀችም ነበር። አውልቃም ዝም አላለችም። «ዶክተር፣ ጋዋንህ ትከሻው ላይ ሁለት ጣት ይሰፋሃል» አለችው። ሐኪሙ ሳቀ፤ በሳምንቱ ጋዋኑን ይዞ ሱቃችን መጣ። እንዲህ ያለች ሴት ናት። የበዛውንም ያነሰውንም አይታ ማለፍ አትችልም። መከራዋም የመጣው ከዚሁ ነው።

የምንኖረው ታች ሰፈር ነው። ከተማው ከላይ ጀምሮ እየወረደ ይመጣና አስፋልቱ ያልቃል፣ የመንገድ መብራቱ ያልቃል፣ ከዚያ እኛ እንጀምራለን። አያቶቻችን የጡብ ፋብሪካው ሲከፈት ለሥራ የመጡ ናቸው። ፋብሪካው ከተዘጋ ቆይቷል፤ እኛ ግን ቀረን። ቤት ውስጥ የምንናገረው ቋንቋ ከላይኞቹ ይለያል። ገበያ ስንወጣ የእነሱን እንናገራለን፤ እነሱም «እንዴት ጥርት አድርጋችሁ ትናገሩታላችሁ!» እያሉ ያደንቁናል። ሦስት ትውልድ እዚሁ ተወልደን ዛሬም እንደነቃለን። ከከተማው ሕዝብ ከአምስት ሰው አንዱ እኛ ነን። የሚከፋፈል ነገር ሲመጣ ግን ከአምስት አንድ ደርሶን አያውቅም፤ የዝናቡን ውሃ ካልቆጠርነው በስተቀር። እሱ ሙሉ በሙሉ ለእኛ ነው።

ክረምት በገባ ቁጥር የላይ ሰፈር ጣሪያና ግቢ ያፈሰሰው ሁሉ ተጠራቅሞ በበራችን ያልፋል፤ ያልፋል ስል ይገባል ማለቴ ነው። የአክስቴ ቤት ሁለት ክፍል ነው። ፊት ለፊት ሱቁ አለ፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ትልቅ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ የእኔ ካውያ። ከኋላ ባለው ክፍል እናቴ ተኝታለች። እናቴ የአክስቴ ታላቅ እህት ናት፤ ግራ ጎኗ መንቀሳቀስ ካቆመ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ጎርፍ ሲመጣ እኔ በእግሯ፣ አክስቴ በብብቷ ይዘን እናነሳትና መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ እናስተኛታለን። ከዚያ ላይ ሆና ውሃው በቁርጭምጭሚታችን ሲያልፍ ታያለች። ዓይኗን ከእኔ ታሸሻለች። ሰው ፊት እንደ ዕቃ መነሳት ያሳፍራታል። እኔ ደግሞ እሷ ስታፍር ፊቴን ወደ በሩ አዞራለሁ።

ስለዚህ አክስቴ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከላይ የሚመጣውን ውሃ ተቀብሎ ወንዝ የሚከት ቦይ። አራት መቶ ሜትር። ራሷ ናት የለካችው፤ በዚያው በአንገቷ ሜትር፣ እኔ ጫፉን ይዤ፣ ሁለት መቶ ስልሳ ሰባት ጊዜ ተጎንብሰን ተነስተን፣ ሰው በየበሩ ቆሞ እየሳቀብን። ልኩን በማመልከቻ ላይ ጽፋ ለከተማው ምክር ቤት አስገባች። ምክር ቤቱ ማመልከቻውን በክብር ተቀብሎ በክብር አስቀመጠው። ይኸው ስንት ዓመት በክብር ተቀምጦ ኖረ።

ምክር ቤታችን ሰባት ወንበር አለው። ሕጉ ቀላል ነበር። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የእጩዎቹ ስም ተደርድሯል፣ ከየስሙ ጎን ሳጥን አለ፤ አንድ መራጭ እስከ ሰባት ሳጥን ድረስ ምልክት ያደርጋል። ብዙ ድምፅ ያገኙት ሰባቱ ይገባሉ። ከዚህ በላይ እኩልነት ከየት ይመጣል? ሁሉም ሰው ለሁሉም ወንበር ይመርጣል፤ ከዚያ የላይ ሰፈር ሰባቱንም ጠቅልሎ ይወስዳል።

የእኛ ሰው ደግሞ ጨዋ ነው። ጨዋነታችን ነው የሚገድለን። በየአራት ዓመቱ ምርጫ ሲቃረብ የላይ ሰፈር እጩዎች ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጭቃውን እየዘለሉ ይመጣሉ። ከሁሉም ፊት የምክር ቤቱ ሊቀመንበር ነው፤ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ያለው ባለፀጋ። የልጆቻችንን ስም በወረቀት አስጽፎ ይይዛል። «እህትሽ እንዴት ናት?» ይላል አክስቴን፤ የእናቴን በሽታ እሷ ራሷ ከምታውቀው በላይ ያውቃል። ወጥተው ሲሄዱ ሰፈሩ ሁሉ ልቡ ይሞላል። ቤቱ ድረስ ወርዶ ሰላም ያለውን ሰው እንዴት ባዶ እጁን ይሸኘዋል? ስለዚህ በምርጫው ቀን የእኛ ሰው መጀመሪያ ለራሱ ሰው ምልክት ያደርጋል፤ ከዚያ የተረፉትን ስድስት ሳጥኖች ሰላም ላሉት ሰዎች ያከፋፍላል። ሳጥን ባዶ መተው እንግዳን ደጅ ማስቆም ሆኖ ይሰማዋል።

የራሳችን ሰው ጎሚስታው ነበር፤ አስፋልቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ጎማ የሚጠግነው። አፉ ከእጁ የሚፈጥን፣ ሳቂታ፣ ሁሉ የሚወደው ሰው። ሁለት ጊዜ ተወዳደረ፣ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ሁለተኛው ጊዜ ሲወድቅ አክስቴ ውጤቱ የተለጠፈበት በር ላይ ሄዳ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ የየምርጫ ጣቢያውን ቁጥር የልክ ደብተሯ ላይ ገለበጠች። ሌላው ሰው ውጤት አይቶ ይናደዳል፤ እሷ ውጤት አይታ ትለካለች። በማግስቱ ጎሚስታው ሱቅ ሄደች። እኔም አብሬ ሄድኩ።

«ስንት አገኘህ?» አለችው።

«አንድ ሺህ ሦስት» አላት፣ ከጎማ ውስጥ ሚስማር እየነቀለ። «ምን ላድርግ እትዬ፣ ጥቂት ነን። ሰባተኛው ሰውዬ አንድ ሺህ አራት መቶ አርባ አገኘ።»

«ከእሱ ውስጥ ከታች ሰፈር ጣቢያ የወጣው ስንት እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ስድስት መቶ አሥር።»

ጎሚስታው ሚስማሩን ይዞ ቀና አለ።

«የእኛን ስድስት መቶ አሥር ቀንስለት» አለች። «ስምንት መቶ ሠላሳ ነው የሚቀረው። አንተ አንድ ሺህ ሦስት አለህ። ሰውዬው አይደለም የጣለህ፣ እኛ ነን። በአንድ እጃችን አንስተንህ በሌላው እጃችን ጣልንህ።»

ጎሚስታው ሚስማሩን ለረጅም ጊዜ አገላበጠ። ለእሱ ረጅም ማለት እስከ አሥር ለመቁጠር የሚበቃ ነው። ከዚያ «እኔ ራሴም መርጬዋለሁ» አለ። «ቤቴ መጥቶ ነበር እኮ።»

ሦስተኛ ጊዜ አልወዳደርም አለ፤ ሁለት ጊዜ መዋረድ ይበቃኛል ብሎ። እንግዲህ ማን ይቀራል? የለካ ይቁረጥ ተባለና አክስቴ ገባች። እኔ በጊዜው አብዳለች ብዬ ነበር። ሃምሳ ሊሞላት ሁለት ዓመት የቀራት፣ በአሥራ አራት ዓመቷ ስፌት የገባች፣ «ለምን አላገባሽም?» ሲሏት «ልኬ አልተገኘም» ብላ የምትዘጋ ሴት፣ ከባለ መደብሮች ጋር ወንበር ልትሻማ?

መንገዱ አንድ ብቻ ነበር፤ ለእሷ ብቻ መምረጥ፣ ስድስቱን ሳጥን ባዶ መተው። ሲነገር ቀላል ነው። የመራጮች ዝርዝር እጃችን ላይ አልነበረንም፤ ግን የልክ ደብተሯ ነበር። የሠላሳ አራት ዓመት ደብተር ነው። በታች ሰፈር ወገቡና ትከሻው እዚያ ውስጥ ያልተጻፈ ሰው የለም፤ ሟች ሲኖር በእርሳስ ትሰርዛለች። ደብተሩን ይዘን ከገጽ አንድ ጀምረን በር ለበር ዞርን። ወገብ ዘጠና ስድስት፣ አምስት መራጭ። ወገብ ሰባ ሁለት፣ ሁለት መራጭ፤ ባልዋ ግን የላይ ሰፈር መደብር ሠራተኛ ነውና ይፈራል። እንዲህ አድርገን ሰፈሩን ለካነው።

ከሁሉ ያስቸገሩን ጡረታ የወጡት ዘበኛ ናቸው። ሰፈሩ የሚያከብራቸው አዛውንት ናቸው፤ እሳቸው እሺ ካሉ ሠላሳ ቤት እሺ ይላል።

«ሰባት ሰጥተውን አንዷን ተጠቅመን ስድስቷን ልንጥላት ነው?» አሉ። «ብክነት አይደለም?»

«ጋሼ፣ አንድ ኮት የሚወጣው ጨርቅ ይዘው ቢመጡና ሰባት ቦታ ብቆርጠው ምን ይወጣዋል?»

«መሐረብ ነዋ።»

«ሰባት መሐረብ ይሻልዎታል አንድ ኮት?»

ዘበኛው አሰቡ። «መሐረቡን ለማን ለማን ነው የምንሰጠው?» አሉ።

«ሰላም ላሉን ሰዎች።»

«እህ!» አሉ። ገብቷቸው ነበር። ቢሆንም ሲሸኙን «ግን ነውር ነው» ማለታቸው አልቀረም።

የምርጫው ዕለት አንድ ሺህ ሰው ስድስት ሳጥን ባዶ ትቶ፣ ጥፋት የሠራ ይመስል አንገቱን ደፍቶ ከጣቢያው ወጣ። አክስቴ በሰባተኛነት ገባች። የላይ ሰፈር ሰው ተደናገጠ። «ለራስ ሰው ብቻ መምረጥ ምን ዓይነት ከፋፋይነት ነው?» ተባለ። እነሱ ለሰባት የራሳቸው ሰው ሲመርጡ አንድነት ነበር፤ እኛ ለአንድ የራሳችን ሰው ስንመርጥ መከፋፈል ሆነ። ሒሳቡ ትንሽ ይከብዳል፤ እኛም ያልገባን ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ሊቀመንበሩ ግን ሒሳብ አይከብደውም። ወንበሩ ሳይሞቃት የምርጫ ሥርዓት ማሻሻያ አቀረበ። የአስተዳደር ማሻሻያ ዘመናችንን በሙሉ ስንለምን «ጊዜው አይደለም» ሲል የኖረ ሰው በሦስት ወር ውስጥ የለውጥ ሐዋርያ ሆነ። ማሻሻያው አንድ መስመር ናት፤ ሰባቱም ሳጥን ያልተሞላበት ወረቀት ዋጋ የለውም። ምክንያቱ ደግሞ «መራጩ ሙሉ መብቱን እንዲጠቀም ለማበረታታት» የሚል ነው። መብታችን እንዳይባክንብን ነው የተጨነቀው። ሰው እንዲህ ሲጨነቅልህ ማልቀስ ያምርሃል።

ደግነቱ የላይ ሰፈርም አንድ አይደለም። ከገበያው ጀርባ አዲስ የተሠራ ሰፈር አለ፤ ተከራይና ወጣት ቤተሰብ የሞላበት። እነሱም ባለ መደብሮቹ ላይ ሆዳቸው ቆስሏል። በዚያ ምርጫ ሦስት ሰው አስገቡ፤ መሪያቸው አንዲት የሒሳብ አስተማሪ ናት። አስተማሪዋ ሌላ ሐሳብ አቀረበች፤ ከተማው በሰባት ቀጠና ይከፈል፣ እያንዳንዱ ቀጠና የራሱን አንድ ሰው ይምረጥ፣ ጉዳዩም ለሕዝበ ውሳኔ ይቅረብ። ታች ሰፈር ለብቻው አንድ ቀጠና ይወጣዋል። እንግዲህ ምክር ቤቱ ውስጥ ከሊቀመንበሩ ጋር ሦስት፣ ከአስተማሪዋ ጋር ሦስት ሆኑ። መሃል ላይ ሜትር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች አንዲት ሴት ቀረች።

በሳምንቱ ሊቀመንበሩ አንድ ሱሪ በክንዱ አጣጥፎ ሱቃችን ከች አለ። ወገቡን ለማስጠበብ ነው አለ። ሰውየው ወገብ የሚሰፋው እንጂ የሚጠበው አይደለም። አክስቴ ግን ሥራ ሥራ ነው ብላ ሜትሩን ወገቡ ላይ አዞረች። ከተመረጠች ወዲህ «አንቺ» ማለቱን ትቷል።

«ቦዩን ታውቂያለሽ… ይቅርታ፣ ያውቁታል» አለ፣ እጆቹን ከፍ አድርጎ እየተለካ። «ክረምት ሳይገባ ማስቆፈር እችላለሁ። ሰዎቼ ዝግጁ ናቸው፤ ሲሚንቶው መደብሬ አለ።»

«እጅዎን ያውርዱ» አለችው። «በምን ምትክ?»

«ምን ምትክ ያስፈልጋል? ማሻሻያዬን ቢደግፉልኝ ደስ ይለኛል።» ከዚያ በተከፈተው በር ወደ ኋለኛው ክፍል፣ እናቴ ወደተኛችበት አየ። «ለእህትዎ ስል ነው» አለ።

አክስቴ ወገቡን ደብተሯ ላይ ጻፈች። «አንድ መቶ አሥራ ሁለት» አለች። «መጥበብ ሳይሆን አራት ጣት መስፋት አለበት። የሌላውን በሁለት ቀን እነግርዎታለሁ።»

እሱ ሲወጣ ካውያዬን አስቀመጥኩና «ቦዩን ተቀበይ» አልኳት። ልመና አልነበረም፤ ጮኼ ነው የተናገርኩት።

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ እማዬ አልጋዋ ላይ ትተኛለች! ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ቦዩ ሲደፈን ማን ይጠርገዋል? ግንቡ ሲፈርስ ማን ጋ ሄደን ነው የምንጮኸው?» አለች። «ይሄን ሕግ ከደገፍኩለት ሁለተኛ ሰው አናስገባም። ዛሬ ቦይ ሰጥቶኝ ነገ አፌን ሊሰፋልኝ ነው።»

«የሰፈሩ አፍ ነው ወይስ የእህትሽ ጎን የሚበልጥብሽ?»

ይሄን በማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አክስቴ ወደ ኋላ ገብታ እናቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እናቴ ከበሽታው ወዲህ ቃላት ይይዟታል፤ በደህናው እጇ የአክስቴን እጅ ይዛ «እንደ… ልብሽ» አለቻት። እኔ እናቴን አውቃታለሁ። ልጅም ሆነች እህት አስቸግራ አታውቅም። ሌላ ነገር እንደማትል ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ስለዚህ መጠየቁ ራሱ ትርፍ ነበር።

አክስቴ ከአስተማሪዋ ጋር ቆመች። አራት ለሦስት። የሊቀመንበሩ ሕግ ወደቀ፣ የቀጠናው ጉዳይ ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ። ከሁለት ወር በኋላ ከተማው ድምፁን ሰጠ። የላይ ሰፈር፣ አሮጌውም አዲሱም ተደምሮ፣ በአራት መቶ ሃያ ድምፅ ብልጫ «አይሆንም» አለ። ታች ሰፈር ዘጠኝ መቶ ሠላሳ «ይሁን»፣ ሃያ አንድ «አይሆንም»። ተደመረና «ይሁን» አሸነፈ። የከተማው አጠቃላይ ሥርዓት፣ የላይኞቹም ወንበር ጭምር፣ ጭቃ ውስጥ ቆሞ በተሰለፈ ሰው ድምፅ ተቀየረ። በማግስቱ ሊቀመንበሩ አደባባይ ወጥቶ «ይህን ታሪካዊ ማሻሻያ በማሳካታችን ኩራት ይሰማኛል» አለ። ፊቱ ላይ አንዲት ጡንቻ አልተንቀሳቀሰችም። እንደዚያ ያለ ፊት በገንዘብ አይገኝም።

ከዚያ ክረምት ገባ። ቦይ የለም። ያን ዓመት የጣለው ዝናብ ተመርጦ የተላከልን ይመስል ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ እናቴን አምስት ጊዜ ጠረጴዛው ላይ አወጣናት። በአምስተኛው ውሃው ድንገት ደርሶ ሳናነሳት ፍራሿን አራሰው። የሳንባ ምች ያዛት፤ አሥራ ስምንት ቀን ሐኪም ቤት ተኛች። አክስቴ በእነዚያ ቀናት ከአልጋዋ ሥር አልተነሳችም፤ እኔ ግን ከሥራ ጉዳይ በስተቀር አላናገርኳትም። እናቴ ተረፈች። ስትመለስ ክብደቷ ስለቀነሰ ለማንሳት ቀላል ሆና ነበር፤ ደስ አይልም?

ሊቀመንበሩ ስለ ቦዩ ያቀረበው ነገር ሰፈሩ ጆሮ ሳይደርስ እንዲቀር አልፈለገም፤ አልቀረምም። «ቦይ ቀርቦላት እምቢ አለች!» ሰፈሩ በአንድ ቀን ውስጥ ተቀጣጠለ። ቤቱ ውሃ የገባበት ሁሉ አክስቴ ባልዲ ይዛ ያስገባችበት መሰለው። ጎሚስታው እንኳ ደንበኞቹ ፊት «እኔ ብሆን ቦዩን እቀበል ነበር፤ ሕጉን በኋላ እንጨቃጨቅበት ነበር» አለ። አፉ ፈጣን ነው ብያለሁ። ሰዎቹም «እንግዲያስ አንተ ግባ» አሉት። ሁለት ጊዜ መዋረድ ይበቃኛል ያለው ሰው ሦስተኛውን አሰበበት።

እንዲህ ሆኖ፣ አዲሱ ሕግ አራት ዓመት ሳይጠበቅ ምርጫ ይደረግ ስለሚል፣ የመጀመሪያው የቀጠና ምርጫ ደረሰ። በታች ሰፈር ቀጠና ሁለት እጩ ቀረቡ፤ ሁለቱም የእኛ። እድሜ ልካችንን ያላየነው ቅንጦት ነው! እስከዚያ ድረስ ለራሳችን ሰው የምንመርጠው የራሳችን ስለሆነ ብቻ ነበር፤ ሌላ መምረጫ አልነበረንም። አሁን የራሳችንን ሰው መጥላትም ተፈቀደልን። ከላይ ደግሞ አንድም ሰው ሰላም ሊለን አልወረደም። ምን ያደርግላቸዋል? የእኛ ድምፅ ከእኛ ቀጠና አይወጣም። ብዙ ሰው ይሄ አስከፋው። «ሊቀመንበሩ ዘንድሮ ጤናችንን እንኳ ሳይጠይቅ ቀረ» ይሉ ነበር። ሃምሳ ዓመት ያታለለን ሰላምታ ሲቀር ናፈቀን። በምርጫው ቀን ዘበኛው ወረቀቱን ይዘው ለአስመራጩ ሁለቱን ሳጥን እያሳዩ «የቀሩትስ የት ሄዱ?» ብለው ጠየቁ።

ጎሚስታው አምስት መቶ ሰባ አንድ። አክስቴ ሦስት መቶ ዘጠና ስምንት።

ውጤቱ ሲለጠፍ አክስቴ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው፣ ደብተር ግን አላወጣችም። ጎሚስታውን ጨብጣ እንኳን ደስ ያለህ አለችው። ከዚያ ሱቋ ገብታ የሰው ሱሪ መስፋት ቀጠለች። በዚያ ሳምንት ሥራችን በዛ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያጥር ሱሪ፣ የሚሰፋ ቀሚስ፣ የተበጠሰ ቁልፍ ይዞ ጎረፈ። ዓይኗን ማየት አቅቶት የጣራውን ቆርቆሮ እያየ «እትዬ፣ ይቺን ቢያስተካክሉልኝ» ይላል። ማን ማን እንዳልመረጣት ከሥራው ብዛት መቁጠር ይቻል ነበር። እሷ ግን ለሁሉም እንደ ወትሮው ለካች።

ጎሚስታው በወሩ መጣ። ሱሪ አልያዘም፤ ቢያንስ እሱ አላስመሰለም።

«እትዬ፣ ለቦዩ ንግግር አዘጋጅቻለሁ» አላት። «ሦስት ገጽ ነው።»

«ቅደደው።»

«ምን?»

«ሊቀመንበሩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ምክር ቤቱ ውስጥ ለወንበሩ በድጋሚ ይወዳደራል፤ አይደል? እሱን ጨምረህ ሦስት ናቸው፣ አስተማሪዋን ጨምረህ ሦስት። እስቲ ሰባቱን ቁጠር።»

ጎሚስታው በጣቱ ቆጠረ። ሰባተኛው ጣት ላይ ሲደርስ ራሱን አገኘና አፉን ከፈተ።

«አሁን ዝጋው» አለችው። «የመጀመሪያውን ቃል አንተ አትናገር። ሁለቱም ሱቅህ ድረስ ይመጣሉ። የቦዩ ውል መጀመሪያ ይፈረም፣ ጠራጊውም በጀት ይያዝለት፣ ከዚያ በኋላ ነው እጅህን የምታወጣው። አራት መቶ ሜትር ነው፤ ሦስት መቶ ሰማንያ ቢሉህ እኔ ለክቼዋለሁ በላቸው።»

ሁለቱም መጡ። ጎሚስታው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አፉን ዘግቶ ዋለ፤ ሚስቱ ታሟል ብላ ሐኪም ቤት ልትወስደው ነበር። በአሥረኛው ቀን ስምምነቱ ተፈረመ።

ቆፋሪዎቹ በራችን የደረሱት ጠዋት ላይ ነው። የእናቴን አልጋ ወደ መስኮቱ አስጠጋንላት። ዶማው መሬቱን ሲመታ በደህናው በኩል ፈገግ አለች፤ ከዚያ ሰዎቹ እስኪያልፉ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም። እኔ ሱሪ እየተኮስኩ ነበር። አክስቴ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የላይ ሰፈር ሰው ኮት ትሰፋ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ደስታዬ ግን ሙሉ አልሆነም። አራት ወር የዋጥኩት ነገር ነበረኝ።

«አክስቴ» አልኳት።

«አቤት።»

«እኔም የመረጥኩት እሱን ነው።»

የመኪናው መርገጫ ቆመ። ከውጭ የዶማው ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ቀና ብላ አላየችኝም። ከኮቱ ብብት ላይ የተንጠለጠለውን ክር ፈልጋ አገኘችና በጥርሷ በጠሰችው።

«ለእናትሽ ነው?»

«አዎ።»

ኮቱን ገልብጣ ስፌቱን በአውራ ጣቷ እስከ ጫፍ ዳበሰችው።

«ጥሩ አድርገሻል» አለች። «ዛሬ ግን አታናግሪኝ።»